ፔጆ 404፦ ጠዋት ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ቴስታታው ይውረድ?

መነሻ ጥያቄ

ጠያቂው የ1968 ሥሪት ፔጆ 404 አለው፤ 1618 ሲሲ፣ ቤንዚን፣ ባለ ካርቡራተር። መኪናዋ የምትውለው አዲስ አበባ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከፒያሳ አራት ኪሎ ደርሳ ትመለሳለች እንጂ ረጅም መንገድ አታይም። ጠዋት ሞተሩ እንደተነሳ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ሲሚንቶው ላይም ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል። ነጭ ጭስም አለ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። በዚያ ላይ ራዲያተሩ በሁለት ሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይጎድለዋል። አንድ ጋራዥ ይህን አይቶ የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ውሃው ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ የሚከላከለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ወርዶ ይላጭ ብሎታል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይውረድ ወይስ አስቀድሞ የሚታይ ነገር አለ?

በአንድ የውይይት ክር ላይ የተሰጡትን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው አስቀምጫለሁ። የተደጋገሙትን አሳጥሬ አልፌያለሁ፤ እጅ ላይ የሚውለውን ግን አልቀነስኩም።

1. የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታውን አስቀድሞ ገና ቁልፍ አታንሣ ይለዋል። ቤንዚን ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፤ ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ሲያልቅ አንድ ሊትር ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ውሃ ይወጣል። ሞተሩ ሲሞቅ ይህ ሁሉ በእንፋሎት መልክ ስለሚሄድ ዓይን አያየውም። ጠዋት ግን ቱቦውም ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ሌሊቱን ሲቀዘቅዙ ስላደሩ እንፋሎቱ ብረቱን ሲነካ ወደ ውሃ ይመለሳል። የሚንጠባጠበው እሱ ነው።

2. ሁለተኛው ደስ ብሎት ይጨምራል፦ ውሃ ማፍሰስ የጤነኛ ሞተር ምልክት ነው፣ ካታሊስቱ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) በደንብ እየሠራ መሆኑን ያሳያል፣ ምንም አትፍራ።

3. ሦስተኛው ሁለቱንም ነጥብ ያርማል። 404 ካታሊስት የለውም። ካታሊስት በብዛት መገጠም የጀመረው በአሜሪካ ከ1975 ሞዴል መኪኖች ጀምሮ ነው፤ ይህች መኪና ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ውሃው የሚመጣው ከቃጠሎው ስለሆነ ካታሊስት ኖረም አልኖረም ይመጣል። ጤነኛ ነው የሚለውም አያስኬድም፤ ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለ ሞተርም ጠዋት ጠዋት ያንጠባጥባል። ስለዚህ ነጠብጣቡ ብቻውን ለመክሰስም ለማስመስከርም አይበቃም። እኔ ከዚህ ክር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይያዝልኝ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

4. አራተኛው ባለ ቮልስዋገን ነው። የእሱ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ራዲያተር የለውም፣ የውሃ ፓምፕ የለውም፣ ሞተሩ ውስጥ የሚዞር አንዲት ጠብታ ውሃ የለም። ሆኖም በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ከሁለቱም ቀጫጭን የጭስ ማውጫዎች ውሃ ይወርዳል። በአጭር አጭር መንገድ ብቻ ሲነዳ ደግሞ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ይይዛል። ያም ከቃጠሎው አምልጦ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል ወደ ዘይቱ የወረደ እንፋሎት ነው። 404 ላይ ይህን ያየ ሰው ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል ብሎ ከመደንገጡ በፊት የዘይት መለኪያ ዘንጉን ይመልከት፦ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ሆኖ ክዳኑ ሥር ብቻ ከነጣ የቅዝቃዜ ጉዳይ ነው፤ ዘንጉም ነጥቶ ከወጣ ግን ሞተሩ አይነሣ።

5. እዚህ ላይ ድምፁ ይከርራል። አምስተኛው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ እንደሆነ ከአነጋገሩ ይታወቃል። ሁላችሁም ስለ ጭስ ማውጫው ታወራላችሁ፣ የጎደለውን ግማሽ ሊትር ያነሣ አንድ ሰው የለም ይላል። ውሃ በዝግ ሥርዓት ውስጥ አይጠፋም፤ ከጎደለ የሄደበት መንገድ አለ። ጋራዡ መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ ያጠፋው ሳይመረምር ማዘዙ ላይ ነው። ነቀፋው ጠንካራ ቢሆንም ክሩን ወደ ቁም ነገሩ ያዞረው ይህ መልስ ነው።

6. ስድስተኛው የነጠብጣቡን ውሃ በጣት ነክቶ መቅመስ ይመክራል፦ ከጣፈጠ አንቲፍሪዝ (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ) ነው።

7. ሰባተኛው ይቆጣል። አንቲፍሪዝ ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ኩላሊት ያበላሻል፣ ጣፋጭነቱም ነው ውሻና ልጅ የሚያታልለው። ከማርሚታ የወጣ ውሃ ደግሞ ያለ አንቲፍሪዝም ጥቀርሻና አሲድ የያዘ ነው። በምላስ ፋንታ ነጭ ወረቀት ጫፉ ሥር ይያዝና ጥላ ላይ ይድረቅ። ደርቆ ጥቁር ብናኝ ብቻ ከቀረ ውሃና ጥቀርሻ ነው። ወረቀቱን ብርሃን የሚያሳልፍ ቅባታማ ክብ ከቀረ ዘይት ነው። አረንጓዴ ቀለም ያለው የሚያጣብቅ ነገር ከቀረ አንቲፍሪዝ ነው። ራዲያተሩ ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ የያዘው ግን ወረቀቱ ይህን የመጨረሻውን ሊነግረን አይችልም።

8. ስምንተኛው ስለ ከፍታ ያነሣል። የጭሱ እንፋሎት ወደ ውሃ የሚመለሰው ባሕር ጠለል ላይ ከ50 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ወደ 47 ዲግሪ ይወርዳል። ማለትም የማርሚታው መጨረሻ ከዚያ በላይ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው አይቆምም። ሞተሩ አጠገብ ያለው ቱቦ በደቂቃ ውስጥ ይፋጃል፤ የኋላው ማርሚታ ግን በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ቆሞ ሲሠራ) ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል።

9. ዘጠነኛው ሒሳብ ይዞ መጣ። ይህን የሚያክል ሞተር በሚኒሞ፣ አሪያው (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛው መሳቢያ) ተስቦ፣ በሰዓት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ቤንዚን ይጠጣል እንበል። በአሥር ደቂቃ ቢበዛ ሩብ ሊትር ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ውሃም ከሩብ ሊትር አይበልጥም፣ የተወሰነውም በእንፋሎት ይሄዳል። ስለዚህ ጫፉ ሥር ጣሳ ይቀመጥና ይለካ። ከአንድ ብርጭቆ በታች ከሆነ ቤንዚኑ ብቻውን ሊያመጣው ይችላል፤ በአሥር ደቂቃ ግማሽ ሊትር ከሞላ ግን ሌላ ምንጭ አለ።

10. አሥረኛው ሒሳቡን አመስግኖ አንድ ጉድለት ያሳያል። ማርሚታው ውስጥ ካለፉት አጫጭር ጉዞዎች የተጠራቀመ ውሃ ይኖራል። ከፒያሳ አራት ኪሎ የምትመላለስ መኪና በሳምንት ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ አቁራ ልትገኝ ትችላለች። አቋቋሙም ልዩነት ያመጣል፦ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ቁልቁለት ላይ ካደረች ሁሉም ባንዴ ይፈስሳል፣ አፍንጫዋ ወደ ታች ከሆነ ወደ ፊተኛው ማርሚታ ይሸሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት በዋና መንገድ ላይ ተነድታ ትድረቅ፣ ሜዳ ላይ ትደር፣ በማግሥቱ ይለካ። መኪናዋ ከታጠበች ወይም ዝናብ ውስጥ ካደረች የዚያ ቀን ልኬት አይቆጠር። ዘጠነኛው ተመልሶ እርማቱን ተቀብሏል።

11 እና 12. ሁለቱ ስለ ማሞቅ ተጣሉ። አሥራ አንደኛው የድሮ መኪና ሩብ ሰዓት ቆሞ ካልሞቀ ሞተሩ ይበላል ይላል። አሥራ ሁለተኛው ይህ ልማድ ነው ማርሚታ የሚያስበላው ብሎ ይመልስለታል፤ ቃሉም ለስላሳ አልነበረም። በሚኒሞ ረጅም ጊዜ መቆም ውሃ ያመርታል እንጂ የኋላውን ብረት አያሞቅም፤ የበዛው ቤንዚን ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል። የዘይቱ ግፊት ከተነሣና ሞተሩ ሳይንገዳገድ መቆም ከቻለ፣ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ በኋላ በዝግታ መንዳት፣ ሙቀቱ ቦታው እስኪደርስ ጋዝ አለማብዛት ይበቃል። አሥራ አንደኛው መልሶ አልጻፈም። በእኔ ግምት አሥራ ሁለተኛው ልክ ነው፤ አነጋገሩ ቢለዝብ ኖሮ ግን ብዙ ሰው ይሰማው ነበር።

13. ጠያቂው ተመለሰ። ራዲያተሩ የያዘው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። ክዳኑ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ ላዩ ላይ 0.9 (የሚይዘው ግፊት በባር) ተጽፏል። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ማየት ፈልጎ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆኑ ፈርቷቸዋል።

14. ከክሩ ሁሉ ረጅሙና ጠቃሚው መልስ ይህ ነው፤ አምስተኛው ራሱ ነው የጻፈው፣ ቁጣውም በርዷል። ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ ይላል።

በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት ውሃው እስከ አንድ የታወቀ ምልክት ይሞላና በየጠዋቱ ይታይ። ራዲያተር እስከ አፉ ከተሞላ ሲሞቅ የሚትረፈረፈውን ይተፋል፤ ያንን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ብዙ ነው።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹ። የ404 ካንዴላ በቴስታታው መሐል ስለሚቆም ከመፈታቱ በፊት ጉድጓዱ በአየር ይነፋ፤ አለዚያ የተጠራቀመው አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አራቱም በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደርደሩ። ሦስቱ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆነው አንዱ ብቻ በእንፋሎት የታጠበ ያህል ነጥቶ ከወጣ ያ ሲሊንደር ውሃ እየጠጣ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ጥርጣሬው በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ በቀዝቃዛ ሞተር የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ፣ የፓምፑ ቺንጊያ (ቀበቶ) ወልቆ፣ ሞተሩ ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይነሣ። ቺንጊያው የሚወልቀው ፓምፑ የሚያናውጠው ውሃ እንዳያደናግር ነው። ያለ ማቋረጥ የሚወጣ አረፋ የቃጠሎ ጋዝ ነው። ከአየር ኪስ የሚመጣው አረፋ ግን ጥቂት ብልጭ ብሎ ያበቃል።

አራተኛ፣ የእጅ ግፊት መሞከሪያ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይገጠም። ግፊቱ ለዚያ መኪና ከተሠራው ክዳን መጠን አይለፍ፤ የዚያ ዘመን ፔጆ ክዳን ከዛሬዎቹ በጣም ያነሰ ነው። ሩብ ሰዓት ካልወረደ ጥሩ፤ ከወረደ የውሃ ቱቦዎች፣ የፓምፑ ሥር፣ የካቢን ማሞቂያው መክፈቻ በእጅ እየተዳሰሱ ይፈተሹ። ውጭ ምንም እርጥበት ሳይገኝ ግፊቱ የሚወርድ ከሆነ ካንዴላዎቹ ወጥተው ግፊቱ እንዳለ ይደር፣ ጠዋት የኮይሉ ሽቦ ተነቅሎ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ይዙር። በካንዴላ ቀዳዳ ውሃ ከተረጨ ጉዳዩ አለቀ። ካንዴላ ሳይወጣ ማዞር ግን አደገኛ ነው፦ ውሃ አይታመቅምና ፒስተኑ ላይ ከተኛ ቢየላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጎብጠዋል።

አምስተኛ፣ ሰማያዊው የጋዝ መፈተሻ ፈሳሽ። የራዲያተሩ ውሃ ጥቂት ይቀነስና ፈሳሹ የያዘው ቱቦ አፉ ላይ ተቀምጦ ሞቅ ባለ ሞተር ላይ አየሩ ይሳብ። ሰማያዊው ወደ ቢጫ ከዞረ የቃጠሎ ጋዝ ውሃው ውስጥ አለ። ፈሳሹ ራሱን የራዲያተሩን ውሃ ከነካ ተበላሽቷል፣ ይደፋ።

በመጨረሻ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ የሚያምቀው ግፊት)። አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ይለካ። አዲስ አበባ ላይ መለኪያው ከመጽሐፉ ቁጥር ሩብ ያህል ዝቅ ማለቱ የከፍታው ነገር ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 10 ባር የሚያሳይ ሞተር እዚህ ከ7.5 እስከ 8 ቢያሳይ አልታመመም። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ አብረው ከወረዱ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተቃጥሏል።

15. አሥራ አምስተኛው ለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። 404 እንደ 403ና 504 ሁሉ ካሚቻዎቹ (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) በቀጥታ ውሃ ውስጥ የቆሙ ናቸው። ከታች በማኅተም ላይ ተቀምጠው ከላይ ቴስታታው ነው ተጭኖ የሚይዛቸው። ቴስታታው ወርዶ ካሚቻዎቹ በብሎንና በወፍራም ሮንዴላ ካልተያዙ፣ ወይም አንድ ሰው ረስቶ ሞተሩን ካዞረ፣ ካሚቻው ብድግ ይልና የታችኛው ማኅተም ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ሞተሩ በሙሉ ወርዶ ይፈታል። ካሚቻው ከብሎኩ ፊት በጣም ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት፤ ይህ ሳይለካ የተገጠመ ጓርኒሲዮን ብዙ አይቆይም። ያለ ምርመራ ቴስታታ ማውረድ ያልነበረ በሽታ ይጨምራል የሚለው ለዚህ ነው።

16. አሥራ ስድስተኛው ጥቁሩን ነጠብጣብ ያነሣል። ጥቁርነቱ ከውሃው አይደለም፤ ውሃው ቱቦው ውስጥ የነበረ ጥቀርሻ አጥቦ ነው የሚያወጣው። ለባሕር ጠለል የተለካ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ አየር ያንሰውና ቤንዚን ያበዛል። አነስ ያለ ዋና ጄት (የካርቡራተሩ የቤንዚን ቀዳዳ)፣ የተጸዳ የአየር ማጣሪያ፣ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ አሪያ ጥቀርሻውን ይቀንሱታል። ውሃውን ግን አይቀንሱም።

17. አንዱ ጥፋቱን ሁሉ ለኤታኖል ሰጠ። አዲስ አበባ ላይ በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር መደባለቁን አስታውሶ ውሃው ከዚያ ነው ይላል።

18. አሥራ ስምንተኛው አይደለም ይላል። አንድ ሊትር ኤታኖል ሲቃጠል የሚሰጠው ውሃ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ጋር ይቀራረባል፤ በጭስ ማውጫው ጫፍ ልዩነቱ አይታይም። የኤታኖል ችግር ሌላ ቦታ ነው፦ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ መኪናዋ ወራት ከቆመች ውሃና ኤታኖሉ ተለይተው ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ሥር ይተኛሉ፣ የድሮ የጎማ ቱቦዎችንም ያደርቃል። ያ ሞተሩን እንዳይነሣ ያደርጋል እንጂ በጭስ ማውጫ አያፈስስም። ከዚህ በኋላ ስለ ቤንዚን ጥራት ብዙ ተባባሉ፤ አልፌዋለሁ።

19. ሌላው ማርሚታው ዝቅ ባለ ቦታ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳ ይላል። ብዙ የፋብሪካ ማርሚታ ይህ ቀዳዳ አለው። ምናለሽ ተራ ወይም ሌላ ቦታ በላሜራ የሚሠራው ግን የለውም፤ ያለውንም በያጁ የተበላ መስሎት ይደፍነዋል። ውሃው ከሰልፈርና ከናይትሮጅን ጋዞች ጋር ተደባልቆ አሲድ ስለሚሆን ማርሚታ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው።

20. ሃያኛው በብርቱ ተቃወመ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል፣ ጭስ ማውጫ ላይ ሆን ብሎ ቀዳዳ መብሳት የማይታሰብ ነው።

21. ሃያ አንደኛው ሁለቱን ያስታርቃል። ቀዳዳው የኋለኛው ማርሚታ ላይ ብቻ፣ ወደ መሬት የሚያይ፣ ከሻንጣው ወለል የራቀ ከሆነ ጉዳት የለውም። የፊተኛው ላይ፣ ከተሳፋሪው በታች፣ አይበሳ። ከዚያ በፊት ግን የሻንጣው ወለልና የጎማ ማሸጊያዎቹ የተበሉ አለመሆናቸው ይታይ፤ ከሆኑ ቀዳዳ ኖረም አልኖረም ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። በዝገት ሲደፈን በቀጭን ሽቦ ይከፈታል። ሃያኛው በዚህ ከሆነ እስማማለሁ ብሏል።

22. ከድሬዳዋ የጻፈው የእሱ መኪና ጠብታ አይታይባትም ይላል። ወዲያው ሌላው፣ ሚኒሶታ የሚኖር፣ እዚያ ክረምት ላይ ውሃው ማርሚታው ውስጥ በረዶ ሆኖ መውጫውን ሊዘጋ እንደሚችል ጽፏል። የሚቃጠለው ቤንዚን የሚሰጠው ውሃ በሁለቱም ቦታ እኩል ነው፤ የሚለየው የብረቱ ሙቀት ነው።

23. እዚህ ጨዋታው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ዞረ። 404 በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 ሦስት ዓመት ተከታትሎ አሸንፏል፤ 504 ደግሞ በ1975 እና በ1978። ሦስት አራት ሰው ስለዚህ ሲጽፍ ቆይቶ ጠያቂው ውጤቱን ይዞ መጣ።

24. ካንዴላዎቹ አራቱም እኩል ጠቁረዋል። አረፋ የለም። ሰማያዊው ፈሳሽ ሰማያዊ እንደሆነ ቀርቷል። ኮምፕረሽኑ በሁሉም ተቀራራቢ ነው። ወደ ቢሾፍቱ ተነድታ ከደረቀች በኋላ በማግሥቱ ጠዋት ጣሳው የያዘው ከግማሽ ብርጭቆ ያነሰ ነው። የግፊቱ ሙከራ ግን ወርዷል፤ ሲፈለግ ወደ ካቢን ማሞቂያው የሚሄደው ጎማ ማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ ተገኘ። ሲሞቅ የሚያፈስሰው ሞተሩ ላይ ወርዶ ስለሚደርቅ መሬት ላይ አይታይም ነበር።

25. አምስተኛው አጭር ጻፈ፦ ሁለቱ ነገሮች ግንኙነት አልነበራቸውም፤ የጎደለው በጎማው ነው የሄደው፣ የሚንጠባጠበው የቤንዚኑ ነው። ጎማውን ያስጨነቀውም የ0.9 ባር ክዳኑ ሳይሆን አይቀርም ይላል። አዲሱ ጎማ ሶማሌ ተራ ሲገዛ አሮጌው ተቆርጦ ለናሙና ይወሰድ፤ የሚለካው የውስጥ ዲያሜትሩ ነው፣ ሙቅ ውሃ የሚችል እንጂ የቤንዚን ጎማ አይደለም።

26. የመጨረሻው መላሽ አንድ ስጋት ያነሣል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክዳኑ ወደ ዝቅተኛው ሲመለስ መኪናዋ አትፈላም ወይ? ራሱም ይመልሰዋል፦ 0.3 ባር የሚይዝ ክዳን መፍያውን ወደ 100 ዲግሪ አካባቢ ይመልሰዋል፤ ራዲያተሩ ካልተደፈነ ይበቃል። የቧንቧውን ውሃ ግን ደፍቶ፣ ሥርዓቱን አጥቦ፣ አንድ ሦስተኛ አንቲፍሪዝና ሁለት ሦስተኛ የተጣራ ውሃ ይሞላ። ቴስታታው አልሙኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው፤ ተራ ውሃ የውሃ መተላለፊያዎቹን ዙሪያ እየበላ ሄዶ ጋራዡ የፈራውን ችግር አንድ ቀን ያመጣዋል። ሲሞላ የማሞቂያው መክፈቻ ክፍት ይሁን፣ አየሩ እንዲወጣ።